ያምሮትና የተለጣጠፈው ፕሮግራም

ፍኖተ ሰላም ከሚገኘው የላህ ማዶ ገበሬዎች ዩኒየን መጋዘን የገባን ሰው ከዕቃው በፊት ሽታው ይቀበለዋል። ማዳበሪያ፣ አሮጌ ጆንያ፣ የአይጥ ሽንትና የነቀዝ መድኃኒት ተቀላቅሎ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። የመጋዘኑ ኃላፊ ያምሮት ክንዱ ይህን ሽታ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትተነፍሰው አንድም ቀን አፍንጫዋን ይዛ አታውቅም። እንጀራዋ ነውና ታመሰግንበታለች። ቋቅ የሚላት ምንም ሽታ የሌለው ነገር ነበር፤ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ኮምፒዩተር ሲከፈት ብቅ የሚለው ገጽ።

ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው የቦርዱ ሰብሳቢ ፎቶግራፍ ነው፤ ከረባታቸውን አስረው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው። ከፎቶው ሥር «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ጽሑፍ ይሮጣል፤ በዓል ኖረም አልኖረም ይሮጣል። ከዚያ በታች ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቁልፎች ተኮልኩለዋል። ግማሾቹ ምን እንደሚሠሩ የሚያውቅ የለም። አንዱ ሲነካ ሌላው ይዘጋል፤ ሦስተኛው ሲነካ ሁሉም ነገር ይቆምና አንዲት ትንሽ ክብ መዞር ትጀምራለች።

ነገሩ የከፋባት ገጹ ንጹሕ በነበረበት ጊዜ ስለምታውቀው ነው።

የተወለደችው ከጅጋ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው። አሥረኛ ክፍል ተፈትና ነጥብ ሳይመጣላት ሲቀር ወደ ፍኖተ ሰላም መጣችና እዚሁ መጋዘን የተቀደደ ጆንያ በወስፌና በሲባጎ እየሰፋች ሥራ ጀመረች። ጆንያ እየሰፋች መቁጠር ለመደች፤ እየቆጠረች ቢን ካርድ የሚሉትን የዕቃ ገቢና ወጪ መቆጣጠሪያ መሙላት ለመደች፤ ቢን ካርዱን የሚሞላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ለቦታው እሷን የሚያህል ሰው አልተገኘም። ቁጭ አድርጎ ያስተማራት አንድም ሰው የለም። ጠዋት ውዳሴ ማርያሟን ደግማ ስትጨርስ የምታነበው ያገኘችውን ነበር፤ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ያለ ጽሑፍ ይሁን፣ ቢሮ ውስጥ የተጣለ የሥልጠና ወረቀት ይሁን። ሁለት ልጆቿን ለዩኒቨርሲቲ ያበቃችው በዚሁ መጋዘን ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ዩኒየኑ «ሪቅ» የሚባል የንብረት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ከአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ገዛ። ሪቅ ለላህ ማዶ ተብሎ የተሠራ አልነበረም። እህልና ዘር ለሚያከማች ሁሉ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ነው፤ ገበያ ላይ ተሰፍቶ እንደተሰቀለ ልብስ። አብሮት መቶ አርባ ገጽ የአማርኛ መመሪያ መጣ። ሌላው ሠራተኛ መመሪያውን የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሲያደርገው ያምሮት ቤቷ ወስዳ ሦስት ጊዜ አነበበችው። የገባትን በሰማያዊ፣ ያልገባትን በቀይ እስክሪብቶ አሰመረችበት። በሦስተኛው ንባብ ቀዩ መስመር አራት ቦታ ብቻ ቀረ።

ሪቅ ያኔ ጨዋታ አያውቅም ነበር። ምርጥ ዘር ሲወጣ ከከረጢቱ አፍ ላይ የተሰፋችውን መለያ ወረቀት አንብባ ቁጥሩንና ቀኑን ካልጻፈችለት አንድ ከረጢት አይለቅም። የዘሩ የብቅለት ፍተሻ ጊዜው መቼ እንደሚያበቃ ይይዛል፤ ቀድሞ የሚያበቃውን ቀድማ እንድታወጣ ይነግራታል፤ ቀኑ ካለፈ ደግሞ ይቆልፋል። በመጀመሪያው ዓመት ጥር ላይ አርባ ከረጢት ቆለፈባቸው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሃይለ ሚካኤል ተቆጡ።

«ለኮምፒዩተር ነው እንዴ ፈቃድ የምንጠይቀው?» አሉ።

ያምሮት ግን ደስ አላት። ስትሳሳት የሚመልሳት አገኘች፤ ያን ቀን ከሥራ ወጥታ ወደ ቤቷ ስትሄድ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ተሳልማ ለዚያ ፕሮግራም ሠሪዎች እንኳን ጸለየች።

ንጽሕናው አንድ ዓመት አልሞላውም።

መጀመሪያ ሥራ አስኪያጁ ከሪቅ የሚወጣው ወረቀት ሞዴል 22ን ቁርጥ እንዲመስል ፈለጉ፤ ሰዉ የለመደው ከመጋዘን ዕቃ የሚወጣበት ቅጽ እሱ ነው ብለው። ለዚህ ወንዳወቅ የሚባል ፕሮግራመር ከባሕር ዳር አመጡ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ላፕቶፑን ከጉያው አይለይም። ለተጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ «ኖ ፕሮብሌም!» ወረቀቱ ሞዴል 22ን መሰለ። አምስት የፊርማ ቦታም ወጣለት። ሰብሳቢው ይህን አይተው የአባላት ስም ከነማዕረጉ ይጻፍልን አሉ፤ ቄስ፣ መሪጌታ፣ ሐጂ እየተባለ። ኖ ፕሮብሌም። ከዚያ ወዲህ ሪቅ «ገብረሰንበት»ን፣ «ቄስ ገብረሰንበት»ን እና «መልአከ ሰላም ገብረሰንበት»ን ሦስት ሰው አድርጎ መዘገባቸው። ካህኑ ራሳቸው መጥተው ገጹን አዩና፣ «እኔ አንድ ነኝ፤ ማን ነው ያባዛኝ?» ብለው ሳቁ። ያምሮት አልሳቀችም።

ቀጥሎ መለያ ወረቀቱን ማንበብ ሰልፍ ያረዝማል ተባለ። ወንዳወቅ መለያው የሚጻፍበትን ቦታ ከገጹ ደበቀው። የተመላሽ ዕቃ ገጽ ደግሞ ለሰብሳቢው ፎቶግራፍ ቦታ ሲፈለግ ተነሣ።

ትሕትና የምትባል የአዲስ አበባው ድርጅት ሠራተኛ በዓመት ሁለት ጊዜ ትደውል ነበር።

«እትዬ ያምሮት፣ አዲሱን ማሻሻያ ልጭንላችሁ ብዬ ነበር። ግን የእናንተ ሪቅ ተነካክቷል። ብጭነው የተጨመረው ሁሉ ይሰበራል፤ ባልጭነው ደግሞ ያረጃል። ምን ይሻላል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ።»

ታውቅ ነበር። ጆንያ ሰፊ ነበረች። ብዙ የተጣፈ ጆንያ የሚቀደደው አሮጌው ቦታ ላይ ሳይሆን የመጣፊያው ጠርዝ ላይ፣ መርፌ በበዛበት በኩል ነው። አውቃም ዝም አለች። ኋላ ራሷን እስክትጸየፍ ያደረሳት ይህ ዝምታ ብቻ ቢሆን በቀለላት። የመጨረሻውን ልጣፍ ያስለጠፈችው እሷው ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሪቅ ለየቀበሌው ማኅበር ዘር የሚወስድበትን ቀን ይቀጥራል፤ በዓል ግን አያውቅም። በሁለተኛው ዓመት ሚያዝያ 23 ለአንድ ማኅበር ቀጠሮ ሰጠ። የጊዮርጊስ ዕለት ነው። መኪናው ከነሹፌሩ በር ላይ ቆሞ ጥሩንባ ሲነፋ ያምሮት ቅዳሴ ላይ ነበረች፤ ጠሯት። አቋርጣ ወጣች። ያ ነገር ከሆዷ አልወጣም። መስከረም ሲጠባ ወንዳወቅን ያዘችው።

«ወንዳወቅ ልጄ፣ ቀጠሮ በበዓል እንዳይውል አድርግልኝ። በዓል ከሆነ አንድ ቀን ይግፋው።»

«ኖ ፕሮብሌም ማዘር! በዓላቱን ብቻ ጻፊልኝ።»

በራሷ እጅ ጻፈችለት። ልደታ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም፣ በዓለ ወልድ፤ ቅዳሜና እሑድም። የጫኞቹ አለቃ በድሩ አጠገባቸው ቆሞ ነበር።

«የእኛስ ዒድ? ወይስ እኔ በዒድ ቀን ማዳበሪያ ልሸከምልሽ ነው?»

«አንተን በዒድ ቀን ማን ደፍሮ ያሸክምሃል!» አለችው፤ ለወንዳወቅም «ጻፍለት» ብላ ዒዱንም መውሊዱንም አስጨመረች። ወንዳወቅ ሥራውን ሲጨርስ መረቀችው። «እድሜ ይስጥህ» አለችው። ያንን ምርቃት ኋላ ብዙ ጊዜ አስታወሰችው።

ግንቦት ገባ። ዝናቡ በጊዜው ጀመረ፤ የበቆሎ መዝሪያ ደረሰ። ሪቅ ከዝርዝሩ አናት ላይ ባለፈው ዓመት ከማኅበራት ተመልሰው ጥግ ላይ የተከመሩትን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ከረጢት አስቀመጠ፤ መጀመሪያ እነሱን አውጪ አላት። አጠገባቸው አረንጓዴ ምልክት ነበረ። ግንቦት 2 ቀን ስድሳው ከቡሬ ወዲያ ወዳለችው ጉልት ማርያም ቀበሌ ተጫነ። በማግሥቱ ሌላ አይሱዙ ሲጫን አንዱ ከረጢት ከጫኝ ትከሻ ወድቆ ፈነዳ።

«እት ያምሮት!» አለ በድሩ ከውጭ። «ነይማ እስቲ! ዘር ነው የምታስጭኚን ወይስ ሱረት?»

ወጣች። በመዳፉ የያዘውን አሳያት። መድኃኒት የተቀባው ቀይ በቆሎ ወንፊት ሆኗል። በየቀዳዳው ነቀዝ ይርመሰመሳል፤ ከሥሩ የጎደለው ሁሉ ዱቄት ሆኖ በጣቶቹ መካከል ይፈስሳል። ሽታው እርጥብ ዐፈር ላይ የበሰበሰ ነገር ይመስላል። አንዱን ፍሬ ወስዳ በጥፍሯ ጫነችው፤ እንደ ኖራ ተፈረከሰ።

«መድኃኒት ተቀብቶም ነቀዙ አልሞተ» አለ በድሩ። «ከእኛ ይልቅ እሱ ጠንካራ ነው።»

ያምሮት አልሰማችውም። ተንበርክካ የከረጢቱን አፍ ገለጠችና መለያ ወረቀቱን አነበበች። ፍተሻው የሚያበቃው ታኅሣሥ 30 ይላል። ሌላ ከረጢት ገለጠች። ታኅሣሥ 30። ገብታ ኮምፒዩተሩን አየች። «የሚያበቃው ግንቦት 16፤ ጤናማ» ይላል።

ይህ ዘር የሞተው ከአራት ወር በፊት ነው። ታዲያ ማን ነው ዕድሜ የጨመረለት?

የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አውርዳ እርሳስ ይዛ ተቀመጠች። ከታኅሣሥ 30 እስከ ግንቦት 16 መቶ ሠላሳ ስድስት ቀን ነው። ከዚያ ከመስከረም ወዲህ ያለፉትን በዓላት፣ ቅዳሜና እሑዱን፣ ዒዱንም ጨምራ አንድ በአንድ ምልክት እያደረገች ቆጠረች። መቶ ሠላሳ ስድስት። ለካ ወንዳወቅ «በዓል ከሆነ አንድ ቀን ግፋው» ያለው ቀጠሮውን ብቻ አይደለም። ሪቅ ውስጥ ቀን የሚባለው ሁሉ በአንድ ቦታ በኩል ነው የሚያልፈው፤ እዚያ ቦታ ላይ ነው የለጠፈው። በየበዓሉ የቀጠሮው ቀን ሲገፋ የዘሩም መሞቻ ቀን አብሮ ተገፋ። እሷ ቤተ ክርስቲያን ቆማ በሰገደች ቁጥር የሞተ ዘር አንድ ቀን ዕድሜ ተጨመረለት። ማለፉን የምታይበት የመለያ ወረቀቱ ቦታም ሰልፉን ለማሳጠር ተብሎ ተደብቋል።

እርሳሱን አስቀመጠችው። አፏ መረረ። የቅዱሳኑን ስም በገዛ እጇ ጽፋ ለዚህ ቆሻሻ መከለያ አደረገችው። ወደ ውጭ ወጥታ ከመጋዘኑ አጥር ጥግ ተፋች።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብታ ከረጢቱን ጠረጴዛቸው ላይ ስታስቀምጠው ነቀዙ ወረቀታቸው ላይ ፈሰሰ።

«ምንድን ነው ይኼ? ኧረ አንሺልኝ!»

«ዘር ነው ጌታዬ። ስድሳው ወጥቷል፤ የቀረውን እኔ አልፈርምበትም።»

«ሲስተሙ ምን ይላል?»

«ጤናማ ነው ይላል።»

«ታዲያስ? ሲስተሙ ጤናማ ካለ አንቺ ማን ነሽ? አሁን ማከፋፈሉን ብናቆም ወረዳው ምን ይለናል?»

ለወንዳወቅ ደወሉለት። ድምፁ ከስልኩ ቀልጠፍ ብሎ ወጣ፤ «ሰላም ጋሼ! ገባኝ፣ ገባኝ። ኖ ፕሮብሌም፤ ለዘር ብቻ ሌላ ልጨምርበትና…»

«አትጨምር!» አለች ያምሮት። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ልጄ፣ ከእንግዲህ ምንም እንዳትጨምር።»

ለትሕትናም ደወለች። ልጅቷ ሁሉንም ሰምታ፣ «እትዬ፣ ያ ፕሮግራም ስሙ ነው እንጂ የእኛ አይደለም። የእኛ ሪቅ ታኅሣሥ 30 ላይ ይቆልፍ ነበር። ከፈለጋችሁ እንደመጣ አድርጌ መልሼ እጭናለሁ፤ የተለጠፈው ሁሉ ግን ይጠፋል» አለች።

«የሰብሳቢው ፎቶም?» አሉ ሥራ አስኪያጁ ደንገጥ ብለው።

«ፎቶም።»

ስልኩ ተዘጋ። ያምሮት መጋዘኑን ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ በድሩን ይዛ በሚኒባስ ቡሬ ወረደች፤ ከዚያ በባጃጅ እስከ መንገዱ ማብቂያ፣ ከዚያ በእግር። የሚቀጥለው ቀን አቦ ነው። ገበሬው ከበዓሉ በፊት ለመጨረስ ተጣድፎ ይዘራል፤ ያ ነው የሚያስሮጣት።

የጉልት ማርያም ማኅበር ቤት ሲደርሱ ሃምሳ አንዱ ከረጢት እንደተቆለፈበት አገኙት። ዘጠኙ ለገበሬ ታድሏል። በድሩ በየደጁ እየተጣራ ስምንቱን ሰበሰበ። አንዱ ግን ባምላኩ የሚባሉ ሽማግሌ ወስደውታል፤ ማሳቸው ላይ ናቸው አሏቸው።

ከሩቅ አዩዋቸው። በሬዎቹን ፈትተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት ቃዳ መሬት ከፊታቸው ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ ተኝቷል፤ የተዘራ ማሳ ነው።

«እንዴት ዋሉ አያ ባምላኩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት ዋልሽ እቴ? ከማን ወገን ነሽ?»

«ከዩኒየኑ ነኝ። የመጋዘኑ ኃላፊ።»

«አሃ። ዘሩን የላክሽልን አንቺ ነሽ?»

ያምሮት አጠገባቸው ጎንበስ አለች። «አያ፣ ዘሩ የሞተ ነው። አይበቅልም።»

ሽማግሌው ተነሥተው በዱላቸው ጫፍ ትልሙን ጫሩ፤ አንድ ቀይ ፍሬ አወጡ። በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት ፈረሰ። እጃቸውን ከጋቢያቸው ጠረጉት፤ ደጋግመው ጠረጉት።

«ትናንት ስዘራ ቅልል ብሎኝ ነበር» አሉ። «የከተማ ዘር እንዲህ ይሆናል አልኩ። እኛ እኮ አናውቅም፤ ማሽን የመረጠው ነው አሉን።»

«ማሽኑ አይደለም። ማሽኑ ደኅና ነበር። ሁላችንም እንደየፍላጎታችን ለጣጠፍንበት። የመጨረሻውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ አያ፤ በዓል እንዲያከብር ብዬ።»

ባምላኩ ቀና ብለው አዩዋት። «ማሽን በዓል እንዲያከብር?»

«አዎ።»

«ማሽኑ ክርስትና ተነሥቷል እንዴ?»

በድሩ ሳቁን ሊውጠው ሞከረ፤ አልቻለም። ሽማግሌውም ፈገግ አሉ። ያምሮት ግን መሬቱን ነበር የምታየው፤ ሁለት ቃዳ ሙሉ የተቀበረ ሬሳ መሰላት።

«ሌላ ዘር እተካልዎታለሁ። መዝሪያው አላለፈም፤ ከአቦ በኋላ ይደርሳል» አለች።

«በአፍሽ ነው በወረቀት?» አሉ ባምላኩ።

«አብረውኝ ይምጡ። በዓይንዎ አይተው ይሸከሙት።»

አይሱዙ ተኮናትረው ሃምሳ ዘጠኙን ከረጢት ጭነው፣ ሽማግሌውን ጋቢና አስቀምጠው ፍኖተ ሰላም ገቡ። ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ጠበቋቸው፤ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ሲስተሙ ላይ ለሰውየው ተሰጥቷል ይላል። ሁለተኛ መስጠት አይቻልም። የተመላሽ ገጹ ደግሞ…» አሉና አቆሙ። የተመላሽ ገጹ በሰብሳቢው ፎቶ እንዲተካ የወሰኑት ራሳቸው ነበሩ።

ያምሮት ምንም ሳትናገር አሮጌውን ቁም ሣጥን ከፈተች። ከሥሩ አቧራ የጠጣ እውነተኛ የሞዴል 22 ጥራዝ አወጣች። ካርቦኑን አስገብታ፣ የአዲሱን ዘር መለያ ወረቀት ቁጥርና ቀን ከከረጢቱ አፍ እያነበበች በእጇ ጻፈች። ፈረመችና ወደ ሥራ አስኪያጁ ገፋችው።

«ይፈርሙልኝ።»

«ወይዘሮ ያምሮት፣ ይኼ ከአሠራር ውጭ ነው።»

ባምላኩ ኮፍያቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ። «ጌታዬ፣ እኔ መሃይም ነኝ። ኮምፒዩተሩ ዘሩ ደኅና ነው ካለ ይሁን፤ አንድ እፍኝ ይዤልዎት መጥቻለሁ። ከደጅዎ ካለው አበባ መደብ ላይ ይዝሩት። ከበቀለ እኔ ተሳስቻለሁ።»

መዳፋቸውን ዘረጉ። ነቀዙ በእጃቸው መስመር ላይ ይሄዳል። ሥራ አስኪያጁ ወደ ኋላ ሸሹና እስክሪብቷቸውን አወጡ። ፈረሙ።

ያም ሆኖ ጉዳዩ አልተዘጋም። ቀሪው ዘር ዳግም እንዲፈተሽና ማከፋፈሉ እንዲቀጥል የሚል ሐሳብ ለቦርዱ ቀረበ። ያምሮት ደግሞ «ያለ ፈቃድ ሥራ አቁማለች» ተብላ ማስጠንቀቂያ ተጻፈላት። ቦርዱ የሚሰበሰበው ግንቦት 11 ነበር። እሷ ከጉልት ማርያም በተመለሰች ቀን መቶ ፍሬ ቆጥራ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ቤቷ አስቀምጣለች፤ ገበሬ ዘር የሚሞክርበት መንገድ ነው። በየጠዋቱ ከጸሎት በኋላ ውኃ ታርከፈክፍበታለች። በሦስተኛው ቀን መሽተት ጀመረ። በአምስተኛው ቀን ልጇ ስልክ ደውላ፣ «እማዬ ምን እያደረግሽ ነው?» ስትላት፣ «ሬሳ እያጠብኩ ነው» አለቻት።

ቦርዱ ፊት ስትቀርብ ብዙ አላወራችም። ጨርቁን ጠረጴዛው መሃል አስቀምጣ ፈታችው። ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ ሻጋታ የያዘ ልቁጥ ነገር ተዘረጋ። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ሰብሳቢው ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ።

«ምንድን ነው ይኼ ርኩሰት?»

«የኮምፒዩተራችን ጤናማ ዘር ነው» አለች። «ከመቶው ሰባት በቅሏል። ይቁጠሩት።»

ማንም አልቆጠረም።

«ፕሮግራሙ ሲመጣ ይህን ይከለክል ነበር» አለች ቀጥላ። «አንዱ ወረቀቱን አስቀየረ፣ አንዱ ስሙን፣ አንዱ ሰልፉን፣ እኔ በዓሉን። እያንዳንዱ ትንሽ ነው፤ ለየብቻው ቢታይ ክፋት የለውም። ግን ማናችንም የሌላው ልጣፍ የት ላይ እንዳለ አላየንም። አሁን የሚሻለው እንደመጣው መመለስ ነው። የእኔን ልጣፍ ቀድማችሁ አውጡ። ማስጠንቀቂያውንም እቀበላለሁ፤ ይገባኛል።»

አንድ ሰው፣ «ጨርቁን እንኳ ሸፍኚልን» አላት። አልሸፈነችውም። እስኪወስኑ ድረስ ተገልጦ ቆየ። ቦርዱ ከዚያ በፊት እንዲህ በፍጥነት የወሰነው ጉዳይ የለም፤ ግማሾቹ አንድ እጃቸውን ሲያወጡ ሌላውን ከአፍንጫቸው አላነሡም።

ትሕትና ከአዲስ አበባ መጥታ ሪቅን ከነልጣፉ አጥፍታ እንደ አዲስ ጫነችው። አብሮ ብዙ ነገር ጠፋ። ያምሮት የሁለት ዓመቱን ገቢና ወጪ ከሞዴሎቹ ላይ እያየች በእጇ መለሰች፤ ሁለት ሳምንት ተኩል ፈጀባት። ዓይኗ ቀላ፤ ወገቧ ተቆረጠ። ገጹ ግን ነጭ ነበር፤ አንድ ፎቶ የለበትም። ከከረጢት አፍ ላይ መለያ ወረቀቱን አንብባ ካልጻፈችለት አንድም አይለቅም። ሦስቱ ገብረሰንበቶችም አንድ ሆኑ። መጋዘን የቀሩት ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለቱና ተመልሰው የመጡት ሃምሳ ዘጠኙ ከረጢቶች ባለሙያ ባለበት ተቀበሩ።

በዓሉስ? ከማዳበሪያ ካርቶን ላይ አንድ ጎን ቀደደች፤ በወፍራም እስክሪብቶ «ዛሬ በዓል ነው። ነገ ይምጡ።» ብላ ጻፈች። በሲባጎ አሥራ ከበሩ ምስማር ላይ የምትሰቅለው፣ ማታ ደግሞ ገልብጣ የምታስቀምጠው ነገር ነው። ጠቅላላ ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። በድሩ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«ይህንን ብቻ ነበር የፈለግሽው?»

«ይህንን ብቻ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልጻፍሽውም?»

«ኮምፒዩተር ነበረኛ» አለችው። በራሷ ላይ የተሰማት ጥላቻ ገና አልለቀቃትም ነበር።

ሰኔ 12 የሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ ስትወጣ ባምላኩን ቅጥሩ በር ላይ አገኘቻቸው። ነጠላቸው ታጥቧል። ከቡሬ የመጡት እኅታቸውን ሊጠይቁ ነው፤ በመንገዳቸው መጋዘኑ ጋ ደርሰው ካርቶኑን ሰው አስነብበው ነበር።

«ማሽኑ በዓል ማክበር ተወ አሉኝ» አሉ።

«ተወ አያ። እኔ ነኝ የማከብረው። በቆሎውስ?»

«እስከ ጉልበቴ ደርሷል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከፊተኛውም ዘር ሦስት አራት ብቅ ብሎ ነበር፤ ቀጫጫ፣ ቢጫ። ነቅዬ ጣልኩት። ሳየው ደስ አላለኝም።»

«ደግ አደረጉ» አለች።

በማግሥቱ ቢሮ ስትገባ ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ወረቀት ጠበቃት። የሥራ አስኪያጁ ጽሑፍ ነው፤ «በሪቅ ላይ ሊደረጉ የሚገባቸው ጥቃቅን ማስተካከያዎች» ይላል። አንደኛው ተራ ላይ የሰብሳቢው ፎቶግራፍ ነበረ። ያምሮት እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ አራት ጊዜ አጠፈችውና፣ ከዓመታት ጀምሮ ከሚወዛወዘው የጠረጴዛዋ እግር ሥር ወሸቀችው። ጠረጴዛውን ነካ አደረገችው። ቆመ። ኮምፒዩተሯን ከፈተች።